አማልክቱ ፍቅር ይዟቸዋል

ኦስሎ ውስጥ ከትልልቆቹ የመጻሕፍት መደብሮች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ የኖርስ፣ ማለትም የጥንት ስካንዲኔቪያውያን፣ አማልክት አለቃ የሆነውን ኦዲንን በገዛ አገሩ በእንግሊዝኛ ሲናገር ያገኘዋል። ወጣቶች የሚከቡት መደርደሪያ ጥቁርና ወርቅማ ሽፋን በለበሱ ወፋፍራም ልብ ወለዶች ተሞልቷል። ሽፋኑ ላይ ቁራ አለ፣ ተኩላ አለ፣ መጥረቢያ አለ፣ ሩን የሚባለው የጥንቱ የኖርስ ፊደል አለ። ከደራሲዎቹ ብዙዎቹ አሜሪካውያን ናቸው። አጽመ ታሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙም አይለይም፦ ጋሻ አንግባ የምትዋጋ ኮረዳ፣ የጠላት ጎሳ አለቃ የሆነ ጎረምሳ፣ በመካከላቸው ትንቢት ወይም እርግማን፤ መጽሐፉ እስኪጋመስ ጥል፣ ከተጋመሰ በኋላ ፍቅር። ዘውጉን “ሮማንስ”ንና “ፋንታሲ”ን አዳቅለው ሮማንታሲ ብለውታል። ያስፋፉት ቲክቶክ ላይ ያነበቡትን እያነሡ የሚስቁና የሚያለቅሱ ወጣት አንባቢዎች ናቸው።

እኔም አነባቸዋለሁ። ታኅሣሥ ላይ እዚህ ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች፤ የቀረውን ጨለማ በአንዳች ነገር መሙላት ግድ ነው። የአገር ቤት ሰው ሲሰማ “በዚህ ዕድሜህ የፍቅር መጽሐፍ?” ይለኛል። ኖርዌያዊው ደግሞ “ኦዲን? ትምህርት ቤት ተምረነዋል” ብሎ ያልፈኛል፤ እኛ ስለ ንግሥት ሳባ ስንጠየቅ የምናሳየው ዓይነት መቆጣትም መኩራትም ፊቱ ላይ አይታይም።

መጽሐፍ ማሰባሰቡ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። አንዱ ልብ ወለድ መጀመሪያ በተራ ሽፋን ይወጣል፤ ቆይቶ በጠንካራ ሽፋን፤ ቀጥሎ የገጾቹ ጠርዝ ቀለም የተቀባ፣ ሲዘጋ ጠርዙ ላይ ዘንዶ የሚታይበት “ልዩ እትም” ይመጣል። በየወሩ ታሽጎ ቤት ድረስ የሚላክም አለ፤ ገዢው ካርቶኑን እስኪከፍተው ድረስ የትኛው መጽሐፍ እንደደረሰው ላያውቅ ይችላል። አንዱን ታሪክ በሦስት ዓይነት እትም የደረደረ ሰው እዚህ ብርቅ አይደለም። የሚያነበው ተራውን ነው፤ ልዩው እንዳይቆሽሽ። መደርደሪያው ፎቶ ይነሣል፣ መብራት ይዞርበታል፣ መጻሕፍቱ በቀለማቸው ይሰደራሉ። አዲስ መጽሐፍ የመግዛት ሱስና የማንበብ ሱስ ለየብቻ የሚይዙ ሕመሞች ናቸው። ሁለቱም አሉብኝ፤ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው።

ይህች ከተማ እንኳ መጽሐፍን ሳያነቡ ማኖር ታውቅበታለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ከኦስሎ ወጣ ብሎ በሚገኘው የኑርማርካ ደን አንድ ሺህ ችግኝ ተተከለ። በየዓመቱ አንድ ደራሲ ማንም ያላነበበውን ሥራ ያስረክባል፤ የዚምባብዌዋ ጺጺ ዳንጋሬምባ አስረክባለች። ጽሑፎቹ በዳይክማን ቤተ መጻሕፍት ተቆልፎባቸው ይቆዩና በ2114 ዛፎቹ ወረቀት ሆነው ይታተማሉ። መቶ ዓመት የሚጠብቅ አንባቢ! እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ የሚችለው ቤተ መጻሕፍቱ መቶ ዓመት ቆሞ እንደሚገኝ የማይጠራጠር ሰው ብቻ ነው።

አገር ቤት የመጽሐፍ ክብር ከሽፋኑ ጋር ያን ያህል አይተዋወቅም። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ሽፋኑን ሳያይ የሚያውቀው ስንቱ ነው? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ ሕዝቡ በጆሮው አነበበው። ነቢይ መኮንን ደግሞ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ “ነገም ሌላ ቀን ነው” ብለን ያነበብነውን ወፍራም የአሜሪካ ልብ ወለድ ተረጎመ፤ የጻፈበት ወረቀት የሲጋራ ፓኮ ነበር። ይህን የማነሣው ጠርዙ የተቀባ መጽሐፍ የሚገዛውን ወጣት ለመክሰስ አይደለም። ያ በፓኮ ወረቀት የተተረጎመው መጽሐፍም በዋነኛነት የፍቅር ታሪክ ነው። የፍቅር ልብ ወለድ የሥራ ፈት ንባብ ነው የሚለኝ ሰው ሲመጣ መልሴ ይኸው ነው።

ወደ አማልክቱ ልመለስ። ለልብ ወለድ እንዲህ የተመቹት ስለሞቱ ይመስለኛል። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1000 አካባቢ በሸንጎዋ መክራ ክርስትናን ተቀበለች። አይስላንዳዊው ጸሐፊ ስኖሪ ስቱርሉሶን የአማልክቱን ታሪክ የጻፈው ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1220 ገደማ ነው፤ እሱ ራሱ ክርስቲያን ነበር። የጻፈውም እንዲመለኩ አልነበረም። ወጣት ገጣሚዎች የጥንቱን ግጥም መፍታት እንዳያቅታቸው ብሎ ነው። በዚያ ግጥም ወርቅ “የፍሬያ እንባ” ይባላል፤ እንስት አምላኳ ፍሬያ ርቆ ለሄደ ባሏ ወርቅ እያነባች እንደምታለቅስ የማያውቅ ሰው ስንኙ ይዘጋበታል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይህ ሊገባው አይቸግረውም። (ባሏ ወዴት እንደሄደ ስኖሪ አይናገርም፤ ረጅም መንገድ ሄደ ብቻ ነው የሚለው። እኛ ስደተኞች የራሳችን ግምት አለን።)

ሌላው ትልቁ ምንጭ፣ ጥንታውያኑ ግጥሞች የሰፈሩበት ብራና፣ ዛሬ የቀረው 45 ቅጠል ነው። በ1643 አንድ የአይስላንድ ጳጳስ እጅ ገባ፤ በ1662 ለዴንማርክ ንጉሥ ተላከ፤ በ1971 በመርከብ ሲመለስ ሕዝቡ ወደብ ወርዶ ተቀበለው። ይህን ሳነብ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥትን ለማስመለስ ለእንግሊዝ የጻፉት ደብዳቤ ትዝ ይለኛል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት አንዱ ነበር፤ በ1872 ተመለሰላቸው። ከሌሎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩት እስከ ዛሬ ለንደን ናቸው።

ሁለቱ አቀባበሎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አይስላንዳውያን የተቀበሉት ቅርስ ነው። ዮሐንስ ያስመለሱት ሕግ ነበር፤ ያለ እርሱ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው ነው የገለጹት። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ የንጉሡን ዘር ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይቆጥራል። በሕገ መንግሥት አንቀጽ ላይ የሰፈረን የፍቅር ሌሊት ማን ደፍሮ ልብ ወለድ ያደርገዋል? ደራሲው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሃይማኖት፣ ዙፋንና ፖለቲካ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ዙፋኑ ከወረደ ግማሽ ምእተ ዓመት አልፎታል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ከሰልፉ አልወጡም።

የኖርስን አማልክት ዛሬም የሚያከብሩ የሉም ማለቴ አይደለም። በአይስላንድ የጥንቱን እምነት የሚከተል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 በመንግሥት ዕውቅና አግኝቷል። ቢሆንም የነጎድጓዱን አምላክ ቶርን አፍቃሪ አደረግኸው ብሎ ደራሲ ላይ የሚቆጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀንድ ያለው የራስ ቁር እንኳ ቫይኪንጎቹ ሳይሆኑ በ1876 የተሠራ የጀርመን ኦፔራ አልባሳት ነው በዓለም ላይ ያናኘው፤ ኖርዌያውያኑ በኳስ ሜዳ ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተውት ይጨፍራሉ። ጋሻ ያነገበችው ኮረዳ ግን ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አይደለችም። ስዊድን ውስጥ ቢርካ በተባለ ስፍራ በ1878 ሰይፍና ፈረስ አብሮት የተቀበረ ሰው መቃብር ተገኘ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ወንድ ጦረኛ ነው ሲባል ኖሮ በ2017 በወጣ የዘረመል ጥናት ሴት ሆና ተገኘች። የዘውጉ ደራሲዎች ይህችን መቃብር ሳይሳለሙ አያልፉም።

የሩን ፊደል ነገርም አለ። በልብ ወለዶቹ ጀግናዋ ሩን በክንዷ ላይ ትቀርጻለች፣ በሩን ፊደል ታስራለች፣ ትፈታለች። እዚህ ሰዎች ያንኑ ምልክት በብር ሐብል አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ጌጥ ነው። አገር ቤት ያለ የልጅነት ወዳጄ የአንዱን መጽሐፍ ሽፋን ፎቶ ስልክለት ግን የመለሰልኝ “ይህን ነገር መኝታ ቤትህ አታስገባ” ብሎ ነው። ቀልዱን ይሁን ከልቡ ዛሬም አልለየሁትም። እኛ ዘንድ ጠልሰም የተሣለበት፣ በሰው ቁመት ልክ የተጠቀለለ የብራና ክታብ አለ፤ ደብተራው ለታማሚው በስሙ ይጽፍለታል። ያን የሚያውቅ ሰው በፊደል ኃይል ላይ እንደ ዋዛ አይጫወትም። የሱ ፍርሃትና የእነሱ ጌጥ አንድ መጽሐፍ ላይ ሲገናኙ ሳይ፣ አገሬ ገና ተረት ውስጥ እንደምትኖር ይሰማኛል። ይህን ለነቀፋ አላልኩትም። ተረቱ ሕይወት ካለው የሚጠይቀውም አለ።

አሁን ወደ ፍቅሩ። የጥንቱ የኖርስ ፍቅር አሁን ከምናነበው ጋር እምብዛም አይመሳሰልም። ፍሬይ የተባለው አምላክ ከኦዲን ዙፋን ላይ ሆኖ ጌርድ የተባለችውን ኮረዳ ከሩቅ አይቶ በፍቅር ይወድቃል፤ የላከው አሽከር በስጦታ እምቢ ስትለው በሩን ፊደል እርግማን አስፈራርቶ እሺ ያሰኛታል። ክብረ ነገሥትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ቅመም የበዛበት እራት፣ ጥማት፣ መሐላ፣ በሌሊት የተጠጣ ውኃ፣ በመሐላው የተያዘች ንግሥት። የዛሬዎቹ የኖርስ ልብ ወለዶች የሠሩት ትልቁ ጥገና እዚህ ላይ ነው፤ ልጅቱ ራሷ ወድዳ፣ ራሷ መርጣ፣ አንዳንዴም ራሷ ሰይፍ ይዛ ትገባበታለች። አርጅተው ለሞቱ አማልክት ይህን ጥገና ማድረግ ቀላል ነው። ለማክዳ ለማድረግ ብዙ ደጅ መጥናት ይጠይቃል።

ከሁሉ የምወደው የንዮርድና የስካዲ ጋብቻ ነው። ስካዲ አባቷን ገድለውባት ለካሣ ባል እንድትመርጥ ይፈቀድላታል፤ የምታየው ግን እግራቸውን ብቻ ነው። ያማረውን እግር አይታ መልከ መልካሙን ባልድርን የመረጠች ሲመስላት፣ እግሩ የባሕሩ አምላክ የንዮርድ ሆኖ ተገኘ። እሷ የተራራ ልጅ ናት። ዘጠኝ ሌሊት ተራራዋ ላይ ቢያድር የተኩላ ጩኸት እንቅልፍ ነሣው፤ እሷም ባሕር ዳር ወርዳ የወፎቹን ጫጫታ አልቻለችውም። ማንም ማንንም ሳይበድል ተለያዩ። አንዱ እዚህ አንዱ አገር ቤት ሆኖ የተጋባ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ ብርዱ የሚያስመርረው ማንን ነው፣ ጫጫታውስ ማንን ነው የሚለው ብቻ ይለያያል። ልብ ወለዶቹ ግን በዚህ ጥንድ ላይ ሲደርሱ ያስታርቋቸዋል። የዘውጉ ሕግ ነው፤ ጥንዶቹ በመጨረሻ መገናኘት አለባቸው።

እዚህ ላይ ነው የማኮርፈው። የኖርስ ዓለም ፍጻሜው ራግናሮክ ነው፦ ፌንሪር የተባለው ተኩላ ኦዲንን ይውጠዋል፣ ቶር ዓለምን የከበበውን እባብ ገድሎ በመርዙ ዘጠኝ እርምጃ ሄዶ ይወድቃል። አማልክቱ እንደሚሞቱ እያወቁ ነው የሚዋጉት፣ እያወቁ ነው የሚያፈቅሩት። ይህን አውጥቶ ስሞቹን ብቻ ማስቀረት ለእኔ ጨው የረሳው ወጥ ነው። በዚህ በኩል ሐዲስ ዓለማየሁ ከአሜሪካውያኑ ደራሲዎች ይልቅ ለአይስላንድ ብራና ይቀርባሉ፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል መቃብር ነው የሚጠብቃቸው፣ አንባቢውም ከርዕሱ ጀምሮ ያውቀዋል።

እዚህ የተወለደችው የእህቴ ልጅ እነዚህን መጻሕፍት ከእኔ ቀድማ ትጨርሳቸዋለች። ተኩላው ፌንሪር የታሰረበት ማሰሪያ ከስድስት የማይገኙ ነገሮች እንደተሠራ፣ ከነዚህም የድመት ኮቴ ድምፅና የሴት ጢም እንደሚገኙበት በቃሏ ትናገራለች። ስለ አርዌ ግን ሰምታ አታውቅም። ነገርኳት፦ አገሩን የገዛ እባብ ንጉሥ፣ ግብሩ ከብትና ልጃገረድ፣ መርዝ በበላች ፍየል የገደለው አጋቦስ፣ በኋላ የነገሠችው ልጁ ማክዳ። በጥሞና ሰማችኝና “አርዌ መልከ መልካም ነበር?” አለችኝ።

ጥያቄዋን ለዚያው ወዳጄ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ ሙግት ጀመረ።

“ማክዳን አትንኩ።”

“ማክዳን ማን ነካ? አርዌን ነው። ለአርዌ የሚጸልይ የለ።”

“ለአርዌ የሚሰጡት እኮ ልጃገረዶች ናቸው። የፍቅር ታሪክ ከየት ታመጣለህ?”

“ከአንዷ። መርዙ የት እንዳለ ከምታውቀው።”

ዝም አለና “ደግሞ በመጨረሻ እንዳታጋባቸው” አለኝ። አላጋባቸውም አልኩት። ያን ጊዜ ነው፣ መኝታ ቤት አታስገባ ያለኝን መጽሐፍ ፒዲኤፍ ከየትም ፈልጎ ሁለተኛው ቅጽ ድረስ ማንበቡን የነገረኝ። ሦስተኛውን አጥቶታል፤ ሰው ሲመጣ እንድልክለት ይፈልጋል፤ ተራ ሽፋን ይበቃዋል።