ውዳሴ ለቆሎ ጥቅልል

ጅማ ላይ ታሪክ ለማንበብ ቤተ መጻሕፍት መግባት አያስፈልግም። መታወቂያ ማስያዝ የለም። የትብብር ደብዳቤ ማጻፍ የለም። አሥር ብር ይዞ ወደ ፈረንጅ አራዳ ብቅ ማለት ነው። ቆሎውን ይበሉታል፣ ወረቀቱን ያነቡታል።

እኔ በዚህ መንገድ መማር የጀመርኩት ባለፈው ሰኔ ነው። ዝናብ ይዞኝ አንድ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። አዴ እዚያው ነበረች። አዴ የሰፈራችን ቆሎ ሻጭ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደ እናቱ አንቺ ይላታል። የገብስ ቆሎ ገዛሁ። ቆሎው አለቀ፣ ዝናቡ አላለቀም። ስለዚህ ወረቀቱን ፈታሁት።

በታይፕ የተጻፈ ነው። ጥጉ ላይ የዛገ ስፒል ምልክት ትቶበታል። የ1954 ዓ.ም. የፍርድ ቤት መዝገብ ገጽ። ከሳሽ፣ ጎረቤቴ የድንበሩን ድንጋይ ገፍቶ ሰባት እግር ቡና ወደ ራሱ አስገባብኝ ይላል። ተከሳሽ፣ ድንጋዩን የገፋው ጎርፍ ነው ይላል። (ስማቸውን አልጠቅስም። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም አጥር ለአጥር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር መጫር ምን ያደርጋል።) ሽማግሌዎች ሄደው ቦታውን አይተዋል። አንዱ ምስክር ጎርፉን በዓይኔ አይቻለሁ ብሏል። ሌላው በዚያ ዓመት ጎርፍ የሚባል አልነበረም ብሏል። ዳኛው ግራ ቀኙን ሰምተው ጨረሱና፣ “ስለዚህ ይህ ፍርድ ቤት” ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ...

ተቀደደ። ገጹ ለሁለት ጥቅልል ተካፍሎ ኖሯል።

“አዴ፣ የዚህ ግማሽ የታለ?”

“የቱ?”

“ፍርዱ ያለበት።”

“እሱን ባለባጃጁ በልቶበታል” አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን አሠራር ማድነቅ ሥራዬ ሆኗል። ሌላው ዓለም ለአሮጌ ወረቀት እንዴት እንደሚጨነቅ መቼም ሰምታችኋል። አሲድ የሌለበት ካርቶን ያሠሩለታል። ዝገት እንዳይበላው ስፒሉን አንድ በአንድ ይነቅሉለታል። ክፍሉ እንዳይረጥብ፣ እንዳይሞቅም፣ ማሽን ያቆሙለታል። አንባቢ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ ይዞ አይገባም። ምግብማ በዞረበት አይዞርም። እኛ ግን ምግቡንና ሰነዱን አንድ ላይ አቀረብን። የሙቀቱን ነገር ምጣዱ ይጨርሰዋል።

አገሪቱም ብትሆን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። አዲስ አበባ ላይ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ዛሬ ወመዘክር የምንለው። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 179 ወጥቶ ሰነድ የመጠበቁን ሥራ በሕግ አስይዞታል። ችግሩ ርቀት ነው። ወመዘክር ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አዴ ከባጃጅ ተራው አሥር እርምጃ ናት።

ወረቀቱ ከመደርደሪያ ወርዶ አዴ እጅ እንዴት ይገባል? እዚህ ላይ ምስጋናው ለቢሮዎቻችን ነው። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል። በጀት ሲዘጋ የጽዳት ዘመቻ ይከፈታል። አንድ አዲስ ኃላፊ ዕቃ ቤቱን ያስከፍታል። የየትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ ልኩ ለብዙዎቹ ይሆናል።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ዶሴ ነው ጌታዬ።”

“የምን ዶሴ?”

“የድሮ።”

“የሚፈልገው ሰው አለ?”

“እስካሁን አልመጣም።”

“ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል? ይውጣ!”

እስቲ ይህን ቆራጥነት ተመልከቱ። በዚያው ቢሮ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ለማስወገድ ኮሚቴ ይቋቋማል። ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ጨረታ ይወጣል። ወንበር ንብረት ነዋ! የ40 ዓመት ዶሴ ግን በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ጋሪ፣ ያለ አንድ ፊርማ ይወጣል። በአገራችን ቢሮክራሲ የለም የሚል ሰው ማስረጃ ቢፈልግ ይህንን ይጥቀስ።

ካይዘን የሚባለውን የጃፓን አሠራር የሠለጠኑት ደግሞ ይህንኑ በሳይንስ ያደርጉታል። አምስቱን “ማ”ዎች ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። ማጣራት አለ። ማስቀመጥ አለ። ማጽዳት አለ። ሠልጣኞቹ ከመጀመሪያው ተነሥተው በቀጥታ ማጽዳት ላይ አረፉ። ከትጋት ብዛት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ዶሴው ባይወጣም ዕድሜ አልነበረውም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድባታል። ዕቃ ቤት ተብሎ የሚመረጠው ደግሞ ሁልጊዜ ቆርቆሮው የሚያፈሰው ክፍል ነው። የማያፈሰው ለስብሰባ ይፈለጋል። ውኃው ከላይ፣ ምስጡ ከታች፣ አይጡ ከመሀል። አዴ በዚህ ዓይን ስትታይ ነፍስ አድን ሠራተኛ ናት።

ከዚያ ጋሪ ላይ የሚወርደውን ሀብት በቆሎ ብቻ አልጨርሰውም። ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ከሊሙ ይሁን ከማጂ፣ አቤት ያለ ሁሉ ወረቀቱ የሚመጣው ወደዚህ ነው። የመሬት ግብር ካርኒ አለ። የአሥራት ደረሰኝ አለ። በጋሻ የተቆጠረ ርስት አለ፤ አንድ ጋሻ ማለት 40 ሄክታር ገደማ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ደግሞ የገበሬ ማኅበር ቃለ ጉባኤ ተከተለ። ለማን ስንት እንደደረሰው፣ ማን አንሶኛል ብሎ እንደጮኸ፣ ማን ከስብሰባ ቀርቶ እንደተቀጣ። ቀጥሎ የመንደር ምሥረታ ስም ዝርዝር መጣ። የገጠር ትምህርት ቤት ሮስተርም አለ፤ በቀይ እስክሪብቶ የወደቀው፣ በሰማያዊ ያለፈው።

ገበሬ የሕይወት ታሪኩን አይጽፍም። ስሙ ወረቀት ላይ የሚወጣው ሲገብር፣ ሲከሰስና ሲዘምት ነው። ሌላ ቦታ አታገኙትም። እና ያንን ወረቀት ነው ሰብሰብ አድርገን፣ በሾጣጣ ጠቅልለን፣ ገብስና ሽምብራ የምንሞላበት። ወደ ገብሱ መለስነው ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ አክብሮት የት ይገኛል?

የዶሴ መጥፋት ደግሞ ለቤተሰብ ክብር ያለው ጥቅም ተነግሮ አያልቅም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ገዝተዋል። ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን በብልሃት አቆይተዋል። የዛሬው ጅማ ታዲያ ግማሹ የአማካሪያቸው የልጅ ልጅ ነው። ግማሹ የፈረስ ባልደራሳቸው ዘር። ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ አዲስ አማካሪ ይወለዳል። ሦስተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ ጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ላይ ሰውዬው ያለ አማካሪ ውኃ የሚጠጡበት ጊዜ አልነበራቸውም። መዝገብ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ሞገስ ይቀጭ ነበር። የኔም አያት “ባላባት ነበር” ይባላል። ካርኒው ቢገኝና የሰው መሬት አራሽ ሆኖ ብቅ ቢልስ? ከነቤተሰቤ ልዋረድ? ተመስገን፣ ቆሎ ተጠቅልሎበታል።

ታሪካችን ይጠፋል ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁም አትስጉ። ፈረንጅ ይይዝልናል። ኸርበርት ሉዊስ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጅማ መጥቶ ሽማግሌ ለሽማግሌ ዞረ። አባ ጅፋርን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። የሰማውን ጽፎ በ1965 እ.ኤ.አ. አሳተመው። የሂርማታ ገበያ በበጋ፣ በደህና ቀን፣ እስከ 30,000 ሰው ይሰበስብ እንደነበር የምንጠቅሰው ከሱ ነው። የገዛ ገበያችንን። የገበያው ቀረጥ ደረሰኝስ? ከቆሎ ሻጮቹ ጠይቁ።

በዚህ መሀል ኋላ ቀር ሰዎችም አልጠፉም። ገጠር ውስጥ አንዳንድ የዓሊሞች ቤት አለ። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ኪታብ፣ አንዳንዴም በዚያው ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ፣ በቆዳ ጠቅልለው ከፍ አድርገው ያስቀምጣሉ። ልጅ አይነካውም። ዝናብ አይደርስበትም። ኮሚቴ የላቸውም፣ አበል የላቸውም፣ ከአባት ለልጅ ሲቀባበሉት ኖረዋል። ምን ይደረግ፣ ካይዘን አልሠለጠኑም።

የሠለጠነው ወገን ታሪክን የሚጠብቀው በአዳራሽ ነው። ባነር ይሰቀላል። የክብር እንግዳው “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ። ይጨበጨባል። ምሳ ይበላል። ከምሳ በኋላ ግማሹ ሰው ወደ ቤቱ ይሄድና የቀረው የሥራ ቡድን ሆኖ ይመረጣል። ስካነር እንዲገዛ ይወሰናል። ስካነሩ ይገዛል፤ ይህን ልመሰክር እችላለሁ። ካርቶኑ ሳይከፈት ዕቃ ቤት ገባ። የንብረት ቁጥር ስላለው እሱን ማንም አይጥለውም። በቀደም የዚያን አውደ ጥናት ቃለ ጉባኤ አዴ ጋ አገኘሁት። ኦቾሎኒ ነበረበት። የክብር እንግዳው ልክ ነበሩ። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ወራሿ አዴ ናት።

እኔም ሥልጣኔ አልቀረብኝም። የየቀኑን ጥቅልል በስልኬ ፎቶ ማንሳት ጀምሬ ነበር። ካርኒ፣ አቤቱታ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ሁሉንም። ከዚያ ስልኩ “ቦታ ሞልቷል” አለኝ። የእህቴ ሠርግ ቪዲዮ ነበረ፣ እሱ እንዴት ይጠፋል? የቆዩትን ወረቀቶች አጠፋሁ። የሚፈልጋቸው ሰው እስካሁን አልመጣም ነበር።

ቅር የተሰኘ ሰው ቢኖር እቴቴ ብቻ ናት፣ አክስቴ። ሰቃ አካባቢ ገጠር ትምህርት ቤት ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጣች። የመጀመሪያው የቅጥር ደብዳቤዋ ዶሴው ውስጥ ነበር። ዶሴው የለም። ሰባት ዓመት አገልግሎት ከዶሴው ጋር ሄደ። መዝገብ ቤት በሄደች ቁጥር “ነገ ነይ” ይሏታል። በመጨረሻ “የሚያውቁሽን ሦስት ምስክር አምጪ” አሏት። ዳይሬክተሩ ሞቷል። ዘበኛው ሞቷል። አብራት የተቀጠረችው መምህርት አሜሪካ ልጇ ጋ ናት፤ እሷም ትረሳለች አሉ። ከተማሪዎቿ አንዱ ግን እዚሁ ከተማ አለ። ያንን ዕቃ ቤት ያስጸዳው ኃላፊ እሱ ነው።

“ጎበዝ ልጅ ነበር” ትላለች እቴቴ። “ደብተሩ ሁልጊዜ ንጹሕ።”

አሁን ቆሎ ስገዛ ለሷም እገዛለሁ። ጥርሷ ቆሎ አይችልም። ወረቀቱን ነው የምትፈልገው። መነጽሯን አድርጋ፣ ፍርፋሪውን በመዳፏ ጠርጋ፣ ጥቅልሉን በሁለት እጇ ትዘረጋዋለች። እስካሁን የሌሎች ሰዎችን ቅጥር፣ የሌሎች ሰዎችን ዝውውር፣ አንድ የፍቺ ስምምነትና የአንድ በሬ ሽያጭ ውል አግኝታለች። የበሬውን ውል አልጣለችውም። “ባለቤቱ ይፈልገው ይሆናል” ብላ ፍራሽ ሥር አስቀመጠችው። በሬው የተሸጠው በ1961 ዓ.ም. ነው።

ወደፊቱ ደግሞ ብሩህ ነው። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ወጥቷል። ወረቀት ሊወደድ ነው። ዶሴ በኪሎ ሲጨምር፣ የጽዳት ዘመቻውም ሰኔን አይጠብቅም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ትናንት አመሻሽ ላይ አዴ ጋ ቆምኩ።

“ዛሬ የምን ነው?”

“የከብት ክትባት ነው አሉ። ቁጥር ብቻ ነው፣ አትወደውም።”

“የፍርድ ቤቱስ?”

“አለቀ። ጥሩ ወረቀት ነበር፣ ወፍራም። ቅባት አያሳልፍም።”

“የመምህራን ነገርስ? የድሮ፣ የሰቃ?”

ጆንያውን በአንድ እጇ ከፈት አድርጋ አየች። ወደ ጋሪ መቆሚያው አንገቷን አሰገገች። ከዚያ ቆሎዬን ጠቀለለችልኝ።

“ባለጋሪው ቃል ገብቶልኛል” አለች፣ ምርቃት እየጨመረችልኝ። “ነገ ና።”