ማስተካከያ፦ የአልማዝ ውበትና አቆራረጡ

ቀደም ሲል ስለ አልማዝ በቀረበው ጽሑፍ «ብልጭታው የሚመነጨው ከተፈጥሮ ጥራቱ ነው፤ መቁረጥና ማለስለስ ቅርጽ ከማስያዝ ያለፈ ሚና የላቸውም» የተባለው ትክክል ስላልሆነ እንደሚከተለው ተስተካክሏል።

ያልተቆረጠ አልማዝ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅባት የነካው ብርጭቆ የሚመስል ደብዛዛ ድንጋይ ነው። የሚያብለጨልጨው ከላይ የገባው ብርሃን በታችኛዎቹ ገጾች ተንጸባርቆ ወደ ተመልካቹ ዐይን ሲመለስ ሲሆን፣ ብርሃኑ ሙሉ በሙሉ የሚመለሰውም ገጹን ከውስጥ የሚመታበት ማዕዘን፣ ለገጹ ቀጥ ካለው መስመር ሲለካ፣ ከ24.4 ዲግሪ ሲበልጥ ነው። የታችኛው ክፍል ከልክ በላይ ጠፍጣፋ ከሆነ ብርሃኑ በታች በኩል ያመልጣል፤ ከልክ በላይ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ ከላይ ሲታይ መሀሉ ይጨልማል። የአልማዝ ቆራጭና መሐንዲስ የነበረው ማርሴል ቶልኮውስኪ በ1919 እ.ኤ.አ. ለክብ አልማዝ ያሰላቸው ማዕዘኖች፣ ማለትም ለታችኛው ክፍል 40.75፣ ለላይኛው 34.5 ዲግሪ፣ ዛሬም መነሻ ሆነው ያገለግላሉ።

ማለስለስ የሚከናወነው ዘይትና የአልማዝ ዱቄት በተቀባ፣ በፍጥነት በሚሽከረከር የብረት ዲስክ ላይ ነው። በገጹ ላይ የሚቀሩ ጥቃቅን ጭረቶች ብርሃኑን ስለሚበትኑት ብልጭታው ይደበዝዛል። ሆኖም የተዛባ ማዕዘንን የትኛውም ማለስለስ አያቃናውም።

«ካራቱ የበዛ አልማዝ ይበልጥ ያበራል» የሚለውም መታረም አለበት። ካራት የክብደት መለኪያ ሲሆን 1 ካራት 0.2 ግራም ነው፤ እንዲያውም ክብደት ላለማጣት ሲባል ጥልቅ ተደርጎ የተቆረጠ ድንጋይ፣ በትክክል ከተቆረጠ ቀለል ያለ ድንጋይ ያነሰ ብርሃን ሊመልስ ይችላል።