«ልጆች ትወዳለች» ብቻ ብላችሁ አትለፉን

የምሠራበት የአይሁዶች መዋዕለ ሕፃናት መግቢያው ኮሪደር ላይ አንድ ሰሌዳ አለ። በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው የሁላችንም ፎቶ ከሥሩ ትንሽ ጽሑፍ ተጽፎበት፣ ላሚኔት ተደርጎ ይለጠፋል፣ ወላጆችም በመጀመሪያው ቀን የልጃቸውን እጅ ይዘው ሲገቡ ቆም ብለው ያነቡታል፣ ልጄን ለማን ነው የምሰጠው ብሎ ማወቅ የማይፈልግ ወላጅ የለማ። የሊድ ቲቸሮቹ፣ የዋና አስተማሪዎቹ ማለቴ ነው፣ ጽሑፍ ሙሉ አንቀጽ ነው፣ የት ዩኒቨርሲቲ እንደተማሩ፣ ስንት ዓመት እንዳስተማሩ፣ እስራኤል ሄደው ምን ያህል እንደቆዩ፣ ሁሉም አለበት። የኔ አንድ መስመር ነበር። «ከኢትዮጵያ ናት፣ ልጆች ትወዳለች።» አራት ዓመት ሙሉ ይቺው መስመር፣ የሚቀየረው ፎቶው ብቻ ነበር።

ልጆች እወዳለሁ፣ ውሸት አይደለም። ግን እኮ እኔ በ1992 ዓ.ም. ከደሴ መምህራን ማሰልጠኛ ተመርቄ ወሎ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል፣ አንዳንዴ ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል፣ ሦስት ልጅ በአንድ መጽሐፍ። ስለዛ ዘጠኝ ዓመት እዚ አገር አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፣ እኔም አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም። ይሄን የምጽፈው ለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም፣ እዚ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም፣ በአይሁዶች መዋዕለ ሕፃናት የምንሠራ ሐበሾች አለን፣ እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ አሲስታንት፣ ማለትም ረዳት አስተማሪ ናቸው፣ ከነሱም ውስጥ አገር ቤት አስተማሪ የነበረች፣ ነርስ የነበረች፣ ባንክ የሠራች አለች። ሰሌዳው ላይ ግን ሁላችንም ልጆች እንወዳለን፣ በቃ።

አንድ ነገር ላንሳ። ከሁለት ዓመት በፊት ለስታፍ ትሬኒንግ አንዲት ባለሙያ መጥታ ስለ «ሉዝ ፓርትስ» አስተማረችን። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ልጅ የተዘጋጀ መጫወቻ ብቻ ከሚሰጠው ጠጠር፣ ቆርኪ፣ እንጨት፣ ዛጎል፣ ቁልፍ ምናምን በትሪ ይቀርብለትና እሱ ራሱ ይደርድር፣ ይቁጠር፣ ይፍጠር ነው። ሐሳቡን በ1971 የጻፈው ሳይመን ኒኮልሰን የሚባል አርቲስት ነው ብላ አብራራች፣ ሁሉም ማስታወሻ ያዘ። ቆርኪ የሞላውን ትሪ እፊቴ ስታስቀምጠው ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም እኔ ወሎ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡና ቤት ቆርኪ እየለቀምኩ፣ አጥቤ፣ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ነው ክፍል የምገባው፣ ልጆቹ መደመርና መቀነስ የተማሩት በሱ ነው፣ አስር ቆርኪ በሲባጎ እየተሰካ አንድ አስር ይሆናል፣ አስሩ አስር መቶ። ስም አልነበረውም፣ ችግር ያስተማረን ዘዴ ነበር። እጄን አውጥቼ ይሄን ልናገር አሰብኩና ተውኩት። የተውኩበት ምክንያት አሁንም ያንገበግበኛል፣ «አንቺ አሲስታንት አይደለሽ እንዴ» እንዳይሉኝ ነው፣ ማንም እንደዛ ብሎኝ ባያውቅም።

እዚ አገር ብዙ የአይሁድ መዋዕለ ሕፃናት ሬጂዮ ኤሚሊያ የሚባለውን የጣልያኖች የማስተማር አካሄድ ይወዱታል፣ የኛም ግድግዳው ሁሉ እሱ ነው። አመጣጡን ሳነብ ግን ከግድግዳው የበለጠ ደስ አለኝ። በ1945 ጦርነቱ ባለቀ በቀናት ውስጥ ከሬጂዮ ኤሚሊያ ከተማ አጠገብ ባለች ቪላ ቼላ በምትባል መንደር ገበሬዎችና ሠራተኞች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን አንድ ታንክ፣ ጥቂት ካሚዮኖችና ፈረሶች ሸጠው፣ ከፍርስራሹ ጡብ እየለቀሙ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ፣ ሎሪስ ማላጉዚ የሚባለው የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ሄዶ አያቸውና እዛው ቀረ። ዓለም ዛሬ የሚቀዳው አካሄድ የተጀመረው እንደዚ ነው፣ ምንም ከሌላቸው ሰዎች እጅ። ታዲያ ይሄን ታሪክ ግድግዳው ላይ የለጠፈ ትምህርት ቤት እዛው ግቢ ውስጥ ከምንም ተነስታ ያስተማረች ሴት ስትኖር እንዴት ሳይጠይቃት ያልፋል?

ሥልጠናውን አልጠላም፣ እንደዛ እንዳይመስላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ለማስተማር ናይንቲ አወር የሚባለው ኮርስ አለ፣ 45 ሰዓት የልጅ እድገት፣ 45 ሰዓት ደግሞ ካሪኩለም። ከዛ ሲዲኤ የሚባለው የሙያ ምስክር ወረቀት አለ፣ 120 ሰዓት ትምህርት፣ 480 ሰዓት ከልጆች ጋር የተሠራ ሥራ፣ ፖርትፎሊዮ፣ ፈተና፣ ክፍል ድረስ መጥቶ የሚታዘብ ሰው። ሁለቱንም ማታ ማታ፣ ልጆቼን አስተኝቼ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነው የጨረስኩት። ብዙ ጠቅሞኛል፣ ለምሳሌ ንግግር የዘገየበት ልጅ ገና በሁለት ዓመቱ ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ እኔ አላውቅም ነበር፣ አገር ቤት «ይናገራል፣ አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እየተባለ ስንቱ ልጅ እንደቀረ ሳስብ አሁንም ያመኛል። የምለው ሌላ ነው። ፎርሙ ላይ ያ ዘጠኝ ዓመት የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። «የቀድሞ የሥራ ልምድ» የሚለው ላይ የጻፍኩት እዚ የሠራሁትን የሆቴል ጽዳት ነው፣ እሱ የአሜሪካ ልምድ ስለሆነ።

ክፍላችን ውስጥ ሃያ ልጅ አለ፣ ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው። ሕጉ ለአስር ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይላል፣ ስለዚ ሁለት ነን። ሊዷ እስራኤል ተወልዳ ያደገች ናት፣ እዛም ጋን በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሠርታለች፣ ጎበዝ አስተማሪ ናት፣ ልጆቹ «ሞራ» ይሏታል፣ እኔንም «ሞራ» ይሉኛል፣ በዕብራይስጥ አስተማሪ ማለት ነው፣ ልጅ ሊድና አሲስታንት ብሎ አይለይም። የሚለየው አዋቂው ነው፣ ማታ ልጁን ሊወስድ የመጣ ወላጅ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አልፎኝ ይገባና ልጄ ዛሬ እንዴት ዋለ ብሎ ሊዷን ይጠይቃል፣ ልጁን ሲያለቅስ አቅፌ የዋልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጎረቤት ክፍል ያለችው አሲስታንት ሶቪየት ዘመን ኦዴሳ ያደገች አይሁዳዊት ናት፣ ፒያኖ አስተማሪ ነበረች። የሷ ሰሌዳ «ሙዚቃ ትወዳለች» ይላል። አስቡት፣ ሃያ ዓመት ያስተማረችውን ሙያ እንደ ትርፍ ጊዜ መዝናኛ አድርገው ጻፉት። እሷ ነች አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን «የሰንበትን ሻማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበራሁት ሠላሳ ዓመት አልፎኝ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው» ያለችኝ፣ እዛ አይሁድነት ፓስፖርት ላይ የሚጻፍ ነገር እንጂ ቤት ውስጥ በግልጽ የሚኖሩት ነገር አልነበረም። እኔ ደግሞ አያቴ ቅዳሜ እህል አታስፈጭም፣ እንጨት አታስፈልጥም ነበር፣ ቀዳሚት ሰንበት ናት ትላለች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበት ይከበር ያሉትን ነገር አያቴ ስሙን ሳታውቅ ትኖረው ነበር። ሁለታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን ይሄን ስናወራ የማን ባክግራውንድ ለዚ ትምህርት ቤት ይቀርባል ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ እንዴት እንደሚከብድ ገባኝ።

ይሄን ስል አይሁዳዊ ነኝ እያልኩ አይደለም፣ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ማንም ሲጠይቀኝም እሱኑ ነው የምለው። ብዙ ወላጅ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ ቤተ እስራኤል ነሽ ወይ ይለኛል፣ አይደለሁም ስለው ፊቱ ላይ ትንሽ ቅር የማለት ነገር አያለሁ፣ ከዛ ወሬው እዛው ይቆማል። ባይቆም ደስ ይለኝ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲሄዱ ልጅ ሆኜ በሬዲዮ የሰማሁት ነገር ነው፣ የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ፋሲካቸውን በቂጣ እንደሚያከብሩ አውቃለሁ፣ ክፍል ውስጥ ማጻ ሲታደል ለልጆቹ «አገሬ ቂጣ ይባላል» ብያቸው ሳምንቱን ሙሉ «ቂጣ፣ ቂጣ» ሲሉ ሰነበቱ። ርእሰ ዐውደ ዓመት የምንለውን አይሁዶች ሮሽ ሃሻናህ ይሉታል፣ ሮሽ ያው ራስ ነው፣ በዓሉም ሁለቱም ጋ የሚመጣው መስከረም አካባቢ ነው። በዕብራይስጥ ዓይን ዐይን ነው፣ ደም ዳም ነው፣ ቤት ባይት ነው። አጸደ ሕፃናት የምንለው ራሱ የሕፃናት የአትክልት ቦታ ማለት አይደል፣ በዕብራይስጥም ጋን አትክልት ቦታ ነው፣ ጀርመናዊው ፍሮበል በ1840 ኪንደርጋርተን ብሎ ያወጣለት ስምም ያው ነው።

ወላጆች የሚሉትንም እሰማለሁ። ብዙ ብር ከፍለን የአይሁድ ትምህርት ቤት ያስገባነው ልጃችን ጸሎቱን፣ በዓሉን፣ ቋንቋውን ካደገበት ሰው እንዲማር ነው ይላሉ፣ ልክ ናቸው። እኔም ልጄን ሰንበት ትምህርት ቤት ስልከው ፊደሉን የሚያስጠናው ግዕዝ ያልዘለቀ ሰው ቢሆን አልወድም። ስለዚ በረከቱን ሊዷ ትበል፣ የኔ ቦታ አይደለም። ግን ዓርብ ዓርብ ሐላ የሚባለውን የሰንበት ዳቦ ስንጋግር ሊጥ መንካት የምትፈራ አንዲት ልጅ ነበረችን፣ ጣቷ ላይ ሲጣበቅ ትጮኻለች፣ ሳምንታት አለፉ። አንድ ዓርብ እናቴ ድፎ ስትደፋ እንደምታደርገው መዳፏን ዘይት ቀባኋትና «አሁን አይዝሽም» አልኳት። ነካችው፣ አልያዛትም፣ ሦስቱን ጥቅልል አንድ ላይ ጎነጎነችው፣ እኔም ሹሩባ እንደምሠራ እጇን ይዤ አብሬያት ጎነጎንኩ። የዛን ዕለት ማታ ሐላውን ቤቷ ወስዳ ከቤተሰቦቿ ጋር በልታለች። ለአይሁድ ትምህርቷ እኔም የሆነ ነገር አላዋጣሁም ትሉኛላችሁ?

ሌላም አለ፣ ማውራቱ ቢከብድም። ፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ በጥቅምት 2018 11 ሰው ከተገደለ ወዲህ የአይሁድ ትምህርት ቤት በር ያለ ኮድና ያለ ጥበቃ አይከፈትም፣ ልምምዱም አለ፣ ሃያ ሕፃን ይዘህ መብራት አጥፍተህ ጥግ ላይ ድምፅ ሳታሰማ መቀመጥ። የሦስት ዓመት ልጅ ዝም በል ስትለው ዝም አይልም። እኔ አንዱን ጭኔ ላይ ሌላውን ጀርባዬ ላይ አድርጌ በሹክሹክታ እሹሩሩ እላቸዋለሁ፣ ቃሉን አያውቁትም ግን ዝም ይላሉ። ይሄን የትኛውም ኮርስ አላስተማረኝም። ደሴ ልጅ ሳለሁ፣ ተኩስ ሲሰማ፣ እናቴ አልጋ ሥር እንደዛ ነበር የምታደርገን።

እስራኤል ያሉት እህቶቻችንም ነገሩ ሌላ መልክ ይኑረው እንጂ ያው ነው። እዛ የጋኑ ዋና አስተማሪ ደሞዟን ከትምህርት ሚኒስቴር ታገኛለች፣ ረዳቷ፣ ሳያዓት የምትባለው፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ናት። አንድ ክፍል፣ ሁለት ቀጣሪ። ኔታንያ የምትኖር ወዳጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሳያዓት ሆና ሠርታለች፣ ዋናዎቹ እየተቀያየሩ አምስት አልፈዋል፣ ሰፈሩን፣ ልጆቹን፣ የልጆቹን ታላላቆች የምታውቃቸው እሷ ናት፣ አዲስ የመጣችውን ዋና አስተማሪ ሥራ የምታለማምደውም እሷው ናት።

እንግዲህ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ዳይሬክተሮች ነሐሴ ላይ ከእያንዳንዳችን ጋር ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብለው ከዚ በፊት ምን ትሠሪ ነበር ብለው ይጠይቁን፣ የሰሙትንም ሰሌዳው ላይ ይጻፉት። አገር ቤት ያስተማርነው ዓመት ደሞዝ ሲወሰን ይቆጠርልን፣ ሙሉው ባይሆን እንኳ ግማሹ። ደሞዝ ሊሻሻል እንደሚችል አይተናል፣ ዲሲ በ2022 ለአሲስታንት 10,000፣ ለሊድ 14,000 ዶላር ከከተማው ካዝና ሰጥቷል፣ እንደማይቻል ተደርጎ ሲወራ የነበረ ነገር ነው። ለእናንተ ደግሞ፣ እህቶቼ፣ ዲፕሎማችሁን ከሻንጣ ሥር አውጡት፣ አስተርጉሙት፣ አስገምግሙት። «ምን ሊረባኝ» እያልን እኛው ራሳችን ነን የቀበርነው፣ እኔ አራት ዓመት ቀብሬዋለሁ።

ባለፈው ነሐሴ ሰሌዳው ሊሠራ ሲል የራሴን ጽሑፍ ጽፌ ለዳይሬክተሯ ሰጠኋት፣ ደሴን፣ ዘጠኙን ዓመት፣ ሰባውን ልጅ፣ ቆርኪውንም። ሁለቴ አነበበችውና ለምንድነው ነግረሽን የማታውቂው አለችኝ። አልጠየቃችሁኝም አልኳት። እውነቱን ለመናገር ቃል ሳትቀንስ ለጠፈችው። በመጀመሪያው ቀን አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ እንደያዘ አንብቦ ሲጨርስ ወደኔ መጣና «ሰባ? ብቻሽን?» አለኝ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ማታ ሲመጣ ልጁ እንዴት እንደዋለ የሚጠይቀው እኔን ነው።

ከሳምንት በኋላ ከኤል ሳልቫዶር የመጣችው አሲስታንት ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ገጠር ክሊኒክ ውስጥ አዋላጅ ረዳት እንደነበረች ያን ዕለት ነው የሰማሁት። የሷ ሰሌዳ «ሁሌ ፈገግተኛ ናት» ይላል። እስክሪብቶ አወጣሁና ስንት ልጅ አዋልደሻል አልኳት። ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች፣ ከዛ ተወችውና «ብዙ» አለች። እሺ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ አልኳት።