«ቤት ነሽ አይደል?»

ሰው በደወለ ቁጥር የሚለኝ ይህንን ነው። አዎ፣ ቤት ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ።

አዲስ አበባ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። እዚህ ሥራ ልጀምር ስል የሁለቱ ልጆች የመዋያ ክፍያ ከማገኘው ደመወዝ በለጠ። በዚያው ቀረሁ። ልጆቼን እወዳቸዋለሁ፤ ብሶቴ ከእነሱ ጋር አይደለም። ግን ከጠዋት እስከ ማታ ዳይፐር፣ ምሳ፣ ልብስ፣ እንደገና ዳይፐር! ባለቤቴ ሁለት ሺፍት ሠርቶ ሲገባ ለወሬ እንኳ አቅም የለውም።

አገር ቤት ቢሆን ጎረቤት «ልጆቹን ተያቸው፣ ደርሰሽ ነይ» ትለኝ ነበር። ቡና እስኪፈላ አንዷ ታቅፋለች፣ ሌላዋ ታጎርሳለች። እዚህ ፊት ለፊቴ የምትኖረውን ሴትዮ ስሟን አላውቅም።

«ታዲያ ተማሪ» ይሉኛል። መቼ? የማታ ኮርስ ጠይቄ ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም ተባልኩ። ማን ዘንድ ልተዋቸው?

ትንሽ የምተነፍሰው ዌይን እና ፌንተን ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። መግቢያ አይከፈልም። ለሕፃናት ተረት ይነበባል፣ ልጆቼ ደስ ይላቸዋል። እሱም ግን የእነሱ ነው። እኔ የራሴ የምለው፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ጭንቅላቴን የማሠራበት ነገር ነው የምፈልገው። ይህን ስናገር «አሜሪካ ተቀምጠሽ ምን ጎደለሽ?» የሚሉኝ ሰዎች አንጀቴን ያሳርሩታል።