«አንድ ቀን ጭሬ አላውቅም» ላልከው ወንድሜ

አንድ ሐሙስ እማዬን ይዤ ሂርማታ ገበያ ወጣሁ። ሐሙስ ጅማ ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰው፣ ባጃጅ፣ አህያ፣ ጆንያ የጫነ አይሱዙ፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ነው የሚተላለፈው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ከዘራ ይዛ ነው የምትሄደው።

ቀስ እያልን በእግረኛ መንገዱ ስንሄድ አንድ ነጭ ቪትዝ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ሁለት ጎማው አስፋልት ላይ፣ ሁለቱ እግረኛው መንገድ ላይ። በመኪናውና በሱቁ ግድግዳ መሃል ልጅ እንኳ አያልፍም። ምን ላድርግ? የእማዬን እጅ ይዤ አስፋልቱ ላይ አወረድኳት። ወዲያው አንድ ባጃጅ ክላክሱን እያስጮኸ ከኋላችን መጣና ከዘራዋን ገጭቶ አለፈ። «ያ ረቢ!» ብላ እላዬ ላይ ተደገፈች። እጇ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር።

ባለ ቪትዙ ፊት ለፊት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣ ነው። «ወንድሜ፣ መኪናዋን ትንሽ ብታወርዳት፣ እናቴ ማለፍ አቃታት» አልኩት።

«መኪናዋ ምን ሆነች? ጥግ ይዛ ነው እኮ የቆመችው» አለኝ። ቀጥሎ ያለው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። «እኔ 15 ዓመት ስነዳ አንድ ቀን ጭሬ አላውቅም። ለመሆኑ አንቺ ትነጃለሽ?»

አዎ፣ እነዳለሁ። ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ግን አንዲት እናት አስፋልት ላይ ስትወርድ ለማየት መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም።

እዚህ ከተማ «መካከለኛ ነጂ ነኝ» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ሲፈላ ወሬው ወደ መኪና ከዞረ አጎቶቼም፣ የአክስቴ ልጆችም ሁሉም ጎበዝ ናቸው። ታዲያ ሁሉም ጎበዝ ከሆነ እናቴን አስፋልት ላይ ያወረዳት ማን ነው?

የኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኦላ ስቬንሰን የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ አሜሪካና ስዊድን ያሉ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። አብረዋችሁ ካሉት ጋር ስትተያዩ የመንዳት ችሎታችሁ እንዴት ነው አላቸው። ከአሜሪካኖቹ 93 በመቶ፣ ከስዊድኖቹ 69 በመቶ «ከግማሹ ሰው እንበልጣለን» አሉ። ከግማሹ ሊበልጥ የሚችለው ግን ግማሹ ብቻ ነው።

እኔ ሳስበው ችግሩ የምንቆጥረው ነገር ላይ ነው። አንዱ የጅረንን ዳገት መውጣቱን ይቆጥራል። አንዱ በአንድ እጁ ኋላ ማርሽ መግባቱን። ባጃጅ ነጂው በሁለት አይሱዙ መሃል ሹልክ ማለቱን። ለእግረኛ መቆምን፣ ፍሬቻ ማብራትን፣ ስፖኪዮ ማየትን ማን እንደ ችሎታ ይቆጥረዋል? ክረምት መጥቶ አስፋልቱ ሲረጥብ እንኳ ፍጥነት የሚቀንስ ሰው ጥቂት ነው። ከ30 ወደ 60 ስትገባ ፍሬን ይዘህ ለመቆም የምትፈልገው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ይሄዳል። ዝናብ ሲኖር ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ይሄ እጅ በመፍጠን የሚመለስ ነገር አይደለም።

ማቆም ላይ ስንመጣማ ይብሳል። እኔ ኋላ ማርሽ ሳስገባ ሦስት ወንድ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። «ስበሪ! ስበሪ! ቀጥ አድርጊ! በቃ!» ይሉኛል፣ ሳልጠይቃቸው። ያ ቪትዝ እግረኛ መንገዱ ላይ ሲወጣ ግን «ወንድም፣ ሰው በየት ይለፍ?» ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

እና ወንድሜ፣ «ጭሬ አላውቅም» ያልከኝን እስከ ዛሬ ሳወጣ ሳወርደው ነው። ያልጨርከው እኛ ስለሸሸንልህ ነው። ሚኒባሱ ወደ ግራ ስለወጣልህ፣ ባለ አህያው አህያውን ስለጎተተልህ፣ እናቴ በታመመ ጉልበቷ አስፋልት ስለወረደችልህ ነው። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ቡናህን ትጠጣ ነበር፣ አላየኸንም። ያላየኸውን ደግሞ አትቆጥረውም። ለዚህ ነው 15 ዓመቱ ንጹህ ሆኖ የሚታይህ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዘንቢላችንን ሞልተን ስንመለስ መኪናው እዚያው ነበር። በባጃጅ ወደ ቤት ገባን።

እማዬ ሐሙስ ገበያ መውጣት የጀመረችው እኔ ሳልወለድ ነው። ቡናዋን በመዳፏ አሽታ፣ አሽትታ፣ ተከራክራ ነው የምትገዛው። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት «እማ፣ እንውጣ» አልኳት። ነጠላዋን እንኳ አላነሳችም።

«ዛሬስ አንቺው ግዢልኝ» አለችኝ።