እንግዳ 1

ለጥምቀት ጎንደር ገብቼ ማራኪ ሰፈር፣ እህቴ ከተከራየችበት ግቢ አረፍኩ። ላፕቶፔን ሰክቼ ቡናዬን ስጠጣ አከራይዋ እትዬ አንገታቸውን በበሩ ብቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ይሄ ነገር መብራት ይበላል?" ከአሜሪካ መምጣቴ አላዳነኝም። እንዲያውም ሳይብስብኝ አልቀረም።

ግቢው 5 ተከራይ አለው፤ ቆጣሪው ግን አንድ። ሂሳቡ በአምፖልና በስቶቭ ይካፈላል፤ ስሌቱን የሚያውቁት እትዬ ብቻ ናቸው። ምጣድ ክልክል ነው። የእህቴ ምጣድ አልጋ ስር አቧራ ጠጥቷል፤ እሷ እንጀራ በግዢ ትበላለች።

ያበገነኝ ይህ አይደለም። የመብራት ታሪፉ በደረጃ ነው፤ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ያልበለጠ የተጠቀመ ሰው ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ለደሃ ታስቦ መሆኑ ነው። 5 ቤተሰብ ባንድ ላይ ሲቆጠር ግን ቆጣሪው የሚያየው አንድ ሀብታም ነው።

ጣሪያው ላይ ደግሞ ሶላር አለ፤ በጥር ፀሐይ ያብረቀርቃል። መብራት ሲሄድ የእትዬ ሳሎን ቦግ ይላል። እኛ ሻማ ፍለጋ።

እኔም እኮ ተከራይ ነኝ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ 4ኛ ፎቅ፤ ጣሪያ የት አባቴ አመጣለሁ? አንድ ልጅ በሬን አንኳኩቶ "ሶላር ላስመዝግብህ" ሲለኝ ሌባ መስሎኝ ልዘጋበት ነበር። ለካ ፓነሉ የሚተከለው ሌላ ቦታ፣ ሜዳ ላይ ነው። ኃይሉ ወደ መስመሩ ይገባል፤ የእኔ ድርሻ ከመብራት ሂሳቤ ይቀነሳል። ለሶላሩ ድርጅት የምከፍለው ከተቀነሰልኝ ያነሰ ነው። የሜሪላንድ የ2023 ሕግ ደግሞ ከእንዲህ ዓይነቱ ኃይል ቢያንስ 40 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው እንዲደርስ ያዛል። በእርግጥ በወር ሁለት ቢል ይመጣብኛል፤ ማመሳከሩ ራስ ምታት ነው። ባለፈው ወር ያተረፍኩትም 9 ዶላር ነው። ቢሆንም ቻርጀሬን የሚቆጥር የለም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ተንትኜ፣ ማራኪም ቢሞከር ብዬ ስጨርስ ሳቀች። "ድርሻዬ ከማን ቢል ላይ ሊቀነስ? ከእትዬ?"

መልስ አልነበረኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ በተመለስኩ በሳምንቱ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የወሩ ሂሳብ ነው፣ በእትዬ እጅ ጽሑፍ፦ "አምፖል 2። ስቶቭ 1። እንግዳ 1፣ 200 ብር።"