ፈቃዱ ለሱቁ ነው ወይስ ለባለሙያው?

ብዙ ሰው ሰው ሠራሽ እግርን እንደ ጫማ ነው የሚያስበው። ልክህን ትናገራለህ፣ ትሞክራለህ፣ ከፍለህ ትወጣለህ። በብዙ ቦታ ሕጉም የሚያስበው እንደዚሁ ነው። ሱቁ የንግድ ፈቃድ አለው? ዕቃው ጥራቱን ያሟላል? በቃ። እግሩን ከሰውየው ጋር የሚያገናኘው ባለሙያ ማን ነው፣ ምን ተማረ፣ ማን ፈተነው የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ያልፋል።

እስቲ ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ከጉልበቱ በታች እግሩ የተቆረጠ ሰው መጣ እንበል። ፕሮስቴቲስቱ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ እጅና እግር የሚሠራው ባለሙያ፣ መጀመሪያ ቀሪውን እግር በጣቱ ይዳስሳል። አጥንት የወጣበትን፣ ጠባሳውን፣ ሲነካ የሚያመውን ቦታ ሲረጥብ ቀለሙ በሚለቅ እርሳስ ያከብባል። ከዚያ በረጠበ የጄሶ ፋሻ ይጠቀልለዋል። ፋሻው ሲደርቅ ምልክቶቹ ወደ ውስጠኛው ገጽ ይተላለፋሉ። ውስጡ ጄሶ ሲሞላ የእግሩ አምሳያ ይወጣል።

ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ገና አሁን ነው። ክብደት የሚችለው ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከጉልበት ሎሚ በታች ባለው ጅማት ላይ፣ ጄሶው ይፋቃል። ጫና የማይችለው ላይ ይጨመራል። ከጉልበት በስተውጭ ዝቅ ብላ የምትዳሰስ የአጥንት ጫፍ አለች። እሷ አጠገብ ከቆዳ ሥር ነርቭ ያልፋል። በአምሳያው ላይ የሚሠራው ሶኬት፣ ማለትም ቀሪው እግር የሚገባበት ቀፎ፣ እዚያ ላይ ከጠበቀ ሰውየው እግሩን አውልቆ አልጋ ሥር ነው የሚከተው።

ስኳር ያለበት ሰው ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ስሜቱ ከደነዘዘ አያመውም። ሶኬቱ ቆዳውን እየላጠው እሱ «ተመችቶኛል» ይላል። የገባው ባለሙያ ቃሉን ብቻ ሰምቶ አይሸኘውም። ትንሽ ያራምደውና ሶኬቱን አውልቆ ቆዳውን ያያል። ቅላቱ ከ10 ወይም 15 ደቂቃ በኋላ ካልጠፋ ሶኬቱ ይስተካከላል። ያልገባው ግን ጨብጦት ይሸኘዋል። ከዚያ ቁስል ይመጣል፤ አንዳንዴ ሁለተኛ ቆረጣ።

ይህ ሕክምና ካልሆነ ምን ሕክምና ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ከዓለም አቀፉ የፕሮስቴቲክስና ኦርቶቲክስ ማኅበር ጋር ሆኖ ለዘርፉ 60 መመዘኛዎች አውጥቷል (ኦርቶቲክስ ለደከመ ወይም ለተጣመመ አካል ድጋፍ የመሥራት ሙያ ነው)። የባለሙያው ብቃትም አንዱ ትልቅ ርዕስ ነው። መመዘኛ ግን ሕግ አይደለም፤ አንባቢ ካጣ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ሀብታሞቹ አገሮችም ቢሆኑ ጉዳዩን አልጨረሱትም። አሜሪካ ውስጥ ባለሙያዎችን ፈትኖ ሰርተፊኬት የሚሰጥ ቦርድ ከ1948 ጀምሮ አለ። የመንግሥት ፈቃድ ግን የየግዛቱ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ግዛት ያስገድዳል፣ ሌላው ዝም ብሏል። ብሪታንያ ውስጥ ሳይመዘገብ «ፕሮስቴቲስት ነኝ» ወይም «ኦርቶቲስት ነኝ» ያለ ሰው ወንጀል ይሠራል። ጥሩ ነው። ግን እዚያም በዋናነት የተጠበቀው ስሙ ነው። ስሙን ትቶ ሥራውን የሚሠራ ሰው ማምለጫ ያገኛል ማለት ነው። እኔ ብሆን የምጠብቀው ሥራውን ነበር፦ መመርመሩን፣ መለካቱን፣ ማልበሱን፣ ክትትሉን።

«ባለሙያ በሌለበት ፈቃድ ብላችሁ ካጠበቃችሁ በሽተኛውን ሜዳ ላይ ነው የምትጥሉት» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ባለሙያ ያስፈልጋል ይላል፤ ብዙ አገሮች አጠገቡም አልደረሱም። ስለዚህ ሁሉም ዲግሪ ይኑረው ማለት አያዋጣም። መፍትሔው ፈቃዱን በደረጃ መስጠት ነው። ዓለም አቀፉ ማኅበር ራሱ ሙያውን በ3 ይከፍለዋል፦ ሙሉ ባለሙያ፣ ረዳት ባለሙያና ቴክኒሺያን። ቴክኒሺያኑ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራል፣ በሽተኛውን ብቻውን አያለብስም። በቃ፣ ወሰኑን ጻፉለት።

ዕድሜውን በሙሉ ወርክሾፕ ውስጥ የኖረስ? ወረቀት የለህም ብሎ ማባረር ግፍ ነው፤ ሞኝነትም ነው። አንዳንዶቹ ዲግሪ ከያዘው ልጅ የተሻለ እጅ አላቸው። ግን በአገልግሎት ዘመን ብቻ ይለፉም አልልም። የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጥቷቸው ይፈተኑ። ፈተናውም ሀ፣ ለ፣ ሐ ምረጥ አይሁን። በሽተኛው ይቀመጥ፣ ፈታኙ ይቁም፣ ተፈታኙ ይለካ፣ ያልብስ፣ ያራምድ፣ ከዚያ ቆዳውን አይቶ ምን እንዳየ ይናገር።

የፈቃዱ እድሳትም ያው መሆን አለበት። አዳራሽ ገብቶ ፈርሞ፣ ሻይ ጠጥቶ የሚወጣ ሰው ነጥብ የሚሰበስብበት እድሳት ከሌለው አይሻልም። አከርካሪዋ ለተጣመመ ልጅ የሚሠራ ድጋፍ ልጅቷ ባደገች ቁጥር ይጠባታል። እድሳት ሲጠየቅ መታየት ያለበት ባለሙያው እንዲህ ያሉ ልጆችን መልሶ ጠርቶ አይቷል ወይ የሚለው ነው።

ስካነርና ባለ3 ገጽታ ማተሚያ መጥቷል፣ ጄሶውም እየቀረ ነው የሚሉኝ አሉ። ይቅር፣ ችግር የለውም። ስካነሩ ቅርጽ ያነባል፣ የትኛው ቦታ ጫና እንደሚችል ግን አይወስንም። እንዲያውም ጄሶ የማያውቅ ሰው ኮምፒውተር ከፍቶ ሶኬት መንደፍ ስለቻለ የፈቃዱ ነገር ባሰ እንጂ አልቀነሰም።

ሕጉን የሚያረቁ ሰዎች ካሉ ከአንድ መስመር ይጀምሩ፦ እያንዳንዱ ሰው ሠራሽ እግር ወይም ድጋፍ ለበሽተኛው ሲሰጥ ማን እንደለካው፣ ማን እንዳለበሰውና ለክትትል መቼ እንደሚመለስ ከነፈቃድ ቁጥሩ ተጽፎ አንድ ቅጂ በበሽተኛው እጅ ይግባ። ቁጥሩን የሚያጣራበትና አቤት የሚልበት ስልክም እዚያው ላይ ይጻፍ።